የቀሚሴ ጫፍ

ቅዳሜ፣ ሥልጠናው የተጀመረ ዕለት

አሠልጣኟ ለእያንዳንዳችን ደብተር ሰጠችን። «የየቀኑን ውሎ ጻፉበት፣ በየሳምንቱ አየዋለሁ» አለች። የሚታየውን እዚያ ላይ እጽፍላታለሁ። ይሄኛው ግን የልጄ የድሮ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ግማሹ ባዶ ስለነበር ለራሴ ወሰድኩት። ሰው እንዲያየው ተብሎ የሚጻፍ ነገር ጨዋታ የለውም።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ቤቴ ሳውል ኖሬ፣ አሁን ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ልማር ነው። አሥር ቅዳሜ ሥልጠና፣ በመሃሉ ቤት ድረስ መጥተው ያያሉ፣ ከዚያ የፈቃድ ወረቀት። ወረቀቱን ያላገኘ ሰው ከእንግዲህ የሰው ልጅ መጠበቅ አይችልም። እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ደሜ ፈልቶ ነው የሄድኩት።

አዳራሹ ውስጥ አሥራ ስምንት ነበርን። ወንድ አንድ ብቻ፦ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የልጅ ልጁን ይጠብቃል። አጠገቤ ተቀመጠ። «እኔ ስልሳ ሰው ጭኜ ገደል ለገደል ነድቻለሁ፤ አንድ ልጅ ጫማ ማስደረግ ግን አቃተኝ» አለኝ። ሳልወድ አሳቀኝ።

አሠልጣኟ ከልጄ በዕድሜ ታንሳለች። ክፉ አይደለችም፤ ግን ቃል ትውጣለች። በተለይ ወደ ሰሌዳው ዞራ ስትጽፍ ለራሷ ብቻ ነው የምታወራው። የዛሬ ልጆች አፋቸውን ከፍተው መናገር ትተዋል። ደግሞ «እማማ» ትለኛለች። ገና ስልሳ ሳልሞላ!

ሰኞ፣ ልጆቹ ምሳ በልተው ተኝተው

ዝናብ። አራቱም መጥተዋል። መንትዮቹ አራት ዓመታቸው ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጭራ በሌለው የእንጨት ፈረስ ይጣላሉ። ሕፃኑ የነርሷ ልጅ ነው፣ ዘጠኝ ወሩ፤ ድቡልቡሌ እለዋለሁ። አራተኛዋ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመት ተኩል። እሷን ሙጫ ያልኳት እኔ ነኝ።

ከቀሚሴ አትላቀቅም። ቁጭ ብዬ ሳያት ትሄዳለች፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሥራ ስጀምር መጥታ የቀሚሴን ጫፍ ትጎትታለች። ምን ሆንሽ ስላት ጣቷን ወደ መኝታ ክፍሉ ትቀስራለች። ስገባ ሕፃኑ ነቅቷል። ቅናት ነው፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ነው የጀመራት። ዛሬ ጫፉን ተርትራው እንደገና ሰፋሁት። በወር ውስጥ ሦስተኛዬ መሆኑ ነው።

ሕፃኑ ግን ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ማልቀስ አያውቅም። ስገባ እንባው ጉንጩ ላይ ወርዶ አገኘዋለሁ እንጂ አንድም ቀን በጩኸት አስደንግጦኝ አያውቅም። ለነርሷ ስነግራት ገረማት። «ቤት እኮ ጎረቤት ነው የሚቀሰቅሰው!» አለች። ልጅ የሰው ቤት ጨዋ ይሆናል አልኳት።

ሙጫ ዛሬም አልተኛችም። ሌሎቹ ድብን ብለው ተኝተው እሷ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በሩን ታያለች። ልጅ በቀን ካልተኛ ማታ ይነጫነጫል፤ እናቷ በኋላ የምትወቅሰው እኔን ነው።

ረቡዕ

ልጄ ከሥራ ስትወጣ ጎራ አለች። ገና ከመግባቷ ፊቷን አጥቁራለች። «በሩን ስደበድብ ቆሜ ቀረሁ። ስልክሽንስ ስንቴ ደወልኩ መሰለሽ?» ስልኩ አርጅቷል አልኳት። «ቴሌቪዥኑስ? መንገድ ማዶ ድረስ ነው የሚሰማው እኮ!» ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲህ ሲደበድበው ምን ላድርግ? አባቷም እንደዚሁ ነበር፤ ከትንሽ ነገር ተነስቶ ጉድ ያፈላል።

ስትወጣ በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ሙጫን አንድ ነገር ስትጠይቃት አየሁ። ሙጫም መለሰችላት። ልጄ ቀና ብላ አተኩራ አየችኝ። ምን እንደተባባሉ የነገረኝ የለም።

ቅዳሜ፣ ሦስተኛው

የዛሬው ትምህርት ልቤን ነካው። አሠልጣኟ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈች፦ «ልጅ ልጅን አይጠብቅም።» ደግነቱ ዛሬ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ነው ያስረዳችው። ሌላ ልጅ እንዲጠብቅ የተተወ ልጅ ጨዋታው ይቀርበታል፣ እንቅልፉ ይቀርበታል፣ ማንም ሳያዝዘው እንኳ ጆሮውን ቀስሮ ይውላል አለች። ማንም ልብ አይለውም፤ እንዲያውም ጎበዝ ልጅ ይባላል።

ከኋላ አንዲት ቀጭን ሴት እጇን አወጣች። ልብስ አጣቢ ናት፣ ከራሷ ልጆች ሌላ የእህቷንም ልጅ ታሳድጋለች። ሁላችንም ዞርን። «እኔ ልብስ ሳጥብ ትንሹን የምትይዝልኝ የስድስት ዓመቷ ልጄ ናት» አለች። «ምን ላድርግ? አንድ ክፍል ነው ያለኝ፣ እሱም በሰው ልብስ ተሞልቷል። ሳጥብ እነሱ በረንዳ ላይ ናቸው።»

አፌን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም። ተነሳሁና «የወለድሻትን ልጅ ሞግዚት አድርገሻት እንቅልፍ ይወስድሻል?» አልኳት። «እኔ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ልጅን በልጅ አላስጠበቅኩም!» ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበልኝ። እሷ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ አቀረቀረች።

ሹፌሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አለ። ዝም ስለው ወደ ፊቴ ዞሮ ደገመው። «ከበድሽባት፣ እህቴ።» እውነት ነው የተናገርኩት አልኩት።

ማክሰኞ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ሕፃኑ ጥርስ እያወጣ ነው። ሙጫ ከጠዋት ጀምሮ ቀሚሴ ላይ። ተቆጣኋት፣ እጇን ነጠቅኩት። አላለቀሰችም። ቆማ ጠበቀችኝና እንደገና ጎተተችኝ። ሕፃኑ ለካ አስመልሶ ትፋቱ ላይ ተኝቷል።

«ከበድሽባት» ያለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ምን ብዬ ነበር? ሞግዚት አድርገሻት ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ቅዳሜ፣ አራተኛው

ልብስ አጣቢዋ አልመጣችም። ወንበሯ ባዶውን ዋለ፤ እኔም ከአንዴም ሦስቴ ዞሬ አየሁት።

አሻንጉሊት አመጡ፣ በባትሪ የሚያለቅስ። በየተራ ጀርባችንን ሰጥተን አንሶላ እንድናጥፍ፣ ሲያለቅስ ሥራውን ጥለን እንድንሄድ ነው። ተራዬ ሲደርስ አንሶላዬን አሳምሬ አጥፌ ጨረስኩ። ሌላም አጠፍኩ። ቀና ስል ሰዉ ሁሉ እያየኝ ነው። ሹፌሩ በክርኑ ነካ አደረገኝ።

«ለፕላስቲክ አልነሳም፣ እውነተኛ ልጅ አምጡልኝ» አልኳቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አሠልጣኟም ሳቀች።  ባትሪው ደክሞ ነው። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ተለማምዶበታል።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ሳምንት

የምሥራች! አሠልጣኟ ለመጀመሪያው ጉብኝት መጣች። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ቤቱን አጥቤ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ከፍ ካለ ቦታ ሰቅዬ፣ የሶኬቱን ቀዳዳ ደፍኜ ነበር የጠበቅኳት። እሷ ግን ስለ ሶኬቱ ትንፍሽ አላለችም። ያየችው እኔን ነው።

እኔ በርጩማዬን ግድግዳ አስጠግቼ ነው የምቀመጠው፣ ሁሉም ልጆች ፊት ለፊቴ እንዲሆኑ። ልጅ ሲያናግረኝ ጎንበስ ብዬ አፉን አፉን አያለሁ። ሕፃኑን ሳስተኛው እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ፣ መተንፈሱን በመዳፌ እየቆጠርኩ እቆያለሁ። ይሄን ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደማደርገው አላስታውስም፤ ድሮ እንኳ እንዲህ አልነበርኩም። ብቻ እንዲህ ሳደርግ ነው ነፍሴ የምታርፈው።

«እማማ» አለች አሠልጣኟ እጄን ይዛ፣ «ይሄ እኮ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነው! ቅዳሜ ለሁሉም ያሳዩልኝ።» ሙጫ መጥታ ቀሚሴን ስትጎትት «እንዴት ነው የምትወድዎ!» አለችኝ። በደስታ ማልቀስ አማረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጁን ተቀብሎኝ ይሄዳል እንጂ።

ቅዳሜ፣ አምስተኛው

አሳየሁ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ አሻንጉሊቱን አስተኛሁ፣ እጄን ደረቱ ላይ አደረግኩ። አሠልጣኟ ከጎኔ ቆማ «ልብ በሉ፣ ልጅ ሲያወራ ዓይናቸውን ከአፉ ላይ አይነቅሉም» ትላለች። ሁሉም ጻፉ። ሹፌሩ እንኳ መነጽሩን አውጥቶ ጻፈ። ልብስ አጣቢዋ ተመልሳ ነበር። አንገቷን ደፍታ ከሁሉም የበለጠ የጻፈችው እሷ ናት። ስንወጣ ሰላም ልላት ፈልጌ ነበር፤ ቀድማኝ ሄደች።

ሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ሙጫ ታማ ቀረች። ትኩሳት ነው አሉ። ቀሚሴም አረፈ፣ እኔም አረፍኩ።

ቤቱ ጭር ብሏል።

ማክሰኞ

ዛሬ አልጽፍም።

ረቡዕ

ዝናብ ነበር። ድስት እያጠብኩ ነበር፣ ቧንቧው ክፍት ነበር፣ መንትዮቹ ፈረሱን ወለሉ ላይ ይጎትቱታል። እንዲህ ባለ ጫጫታ ማንም ሰው ቢሆን አይሰማም። ማንም ቢሆን። ሕፃኑን ካስተኛሁት ገና አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው።

ሐሙስ

አሥር ደቂቃ አይደለም። እዚህ ላይ እንኳ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ማክሰኞ ነርሷ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። ድስቱን ሳለቀልቅ ጥላ አለፈብኝ። ቀና ስል ነርሷ አጠገቤ ቆማለች፣ ጃንጥላዋን እንኳ አላጠፈችም፣ አፏ ተከፍቷል። እየጮኸችብኝ ነበር። ከዚያ ትታኝ ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጠች፣ ተከተልኳት። የሕፃኑ እግር እስከ ጉልበቱ በአልጋው ፍርግርግ መሃል ገብቶ ተጣብቋል። ፊቱ በርበሬ መስሏል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሲያለቅስ ከመቆየቱ የተነሳ ድምፁ አልቆ ነበር።

እግሩን በቅባት አወጣነው። አብጧል፣ አልተሰበረም። 

ጎረቤቴ በር ላይ ቆማለች። «ሬዲዮው ዜና ሳይጀምር ነው ማልቀስ የጀመረው» አለች። «ልመጣ ብዬ፣ ሥልጠናው ትንሽ እንዲያለቅሱ ተዉአቸው ብሏችሁ መስሎኝ…»

የሬዲዮው ዜና ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያኔ ደግሞ አልቆ ነበር። እሷ ያወቀችው ከግድግዳ ማዶ ሆና ነው። እኔ በአንድ በር ርቀት ላይ ነበርኩ፣ በሩም ገርበብ ያለ ነበር።

ነርሷ ልጇን አቅፋ ስትወጣ ዞር አለችና ቀስ ብላ፣ ከንፈሯ እንዲታየኝ አድርጋ ተናገረች። «እትዬ፣ ጆሮዎን ታይተው ያውቃሉ?» ጆሮዬ ምንም አልሆነም አልኳት። ጮኼ ሳልናገር አልቀረሁም፤ መንትዮቹ ደንግጠው ተያዩ።

ቅዳሜ፣ ስድስተኛው

ሄድኩ። ምን እንዳስተማረች አላውቅም። ቅጽ አደሉን። ከታች አንድ መስመር አለ፦ «የማየትና የመስማት ሁኔታ»። ሹፌሩ «ዓይን፦ በመነጽር፣ ጆሮ፦ ሚስቴ ስትጣራ ብቻ አይሰማም» ብሎ ጻፈና አሳየኝ። ሳቅኩለት። እኔ «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ነርሷ ልጁን መልሳ አመጣች። ሌላ የምትተውበት ቦታ አልነበራትም። አላመነችኝም፣ ግን ሰጠችኝ። ይሄ ከስድብ ይከፋል።

ሙጫም ድና መጣች። እናቷ ትኩሳቱ የመጣው ከእንቅልፍ ማጣት ሳይሆን አይቀርም አለችኝ። ሌሊት ጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ከአልጋዋ ወርዳ መጥታ የእናቷን ልብስ ትጎትታለች አሉ። «ሕፃን አለቀሰ፣ ተነሺ» ትላታለች። «ከየት እንዳመጣችው እንጃ!» ብላ ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተከታተልኳት። ቀሚሴን በጎተተች ቁጥር ደብተሩ ላይ ጭረት አደረግኩ።

አንድ፦ ሕፃኑ ነቅቷል። ሁለት፦ በር ተንኳኩቷል። ሦስት፦ ከመንትዮቹ አንዱ ጓሮ ወድቆ ያለቅሳል። አራት፦ ስልክ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፦ ሕፃኑ። ስምንት፦ ወተቱ ገንፍሏል፣ ምድጃው ይንጫጫ ነበር መሰለኝ።

አሥራ አንድ ጭረት። አሥራ አንዱም እውነት። አንዱም ቅናት አልነበረም።

በመሃል ምን እንደምታደርግም አየሁ። የእንጨት ጡቦቿን ትደረድራለች፤ ሁለት ትሠራለች፣ ሦስተኛውን ይዛ ቀና ትላለች፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ወደ መኝታ ክፍሉ ታዳምጣለች። ከዚያ ጡቡን ትጥለዋለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ጨዋታ አልጨረሰችም።

ማክሰኞ

ይሄን ደብተር ከመጀመሪያው ገልጬ አነበብኩት። ሁሉም ነገር ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሕፃኑ እንባ፣ ቃል የምትውጠው አሠልጣኝ፣ የሰፋሁት ቀሚስ። እጇን የነጠቅኩበት ቀንም አለ።

የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ቤቴን ስትጠብቅልኝ ከርማለች። እኔ ደግሞ ሙጫ ብዬ ቀለድኩባት። ያቺን ምስኪን ልብስ አጣቢ ግን በሰው ፊት አዋረድኳት፤ እሷ ቢያንስ ልጇን እንደምታስጠብቅ ታውቃለች፣ እውነቱንም ተናግራለች። እንቅልፍ ይወስድሻል ብዬ ነበር የጠየቅኳት። አሁን መልሱን እኔ አገኘሁት፤ አይወስድም።

ረቡዕ

ነገ ናቸው። አሠልጣኟ ከተቆጣጣሪው ጋር ለመጨረሻው ጉብኝት ትመጣለች። ካለፍኩ የፈቃድ ወረቀቱን አገኛለሁ።

ሙጫ ከመጣች አልፋለሁ። እሷ እስካለች ድረስ ምንም አያመልጠኝም። አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ጆሮዬን እታያለሁ፣ ከዚያ ሁሉንም አስተካክላለሁ። አንድ ጠዋት ብቻ ብትጎትተኝ ምን ትሆናለች? እስከ ዛሬስ ስትጎትተኝ አልነበር?

ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዳልሰርዘው።

ሐሙስ፣ ሁሉም ከሄዱ በኋላ

ተቆጣጣሪው ረጅም ሰውዬ ነው፣ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ብዙ አይናገርም፤ ይጽፋል። አሠልጣኟ ከኋላው ሆና ትጠቅሰኛለች፣ አይዞዎት ለማለት። የመድኃኒት ሣጥኑን አዩ። የአልጋውን ፍርግርግ አዩ፤ ዙሪያውን ትራስ አስሬበታለሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

ሕፃኑን አስተኝቼ ወጣሁ። ተቆጣጣሪው ስለ ምግብ አጠባበቅ ይጠይቀኛል፣ እኔ አፉን እያየሁ እመልሳለሁ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ከትከሻው በላይ ሙጫ ትታየኛለች። ጡቦቿን ይዛለች፤ አራት ደርሳለች። ከእንግዶቹ የተነሳ ይሆን እንጃ፣ ዛሬ ጨዋታ ይዟት ነበር። አምስተኛውን ልታስቀምጥ ስትል ቀና አለች። ጭንቅላቷ ዘንበል አለ።

 ሁለት ነገር በአንዴ ፈለግኩ፤ እንድትመጣና እንዳትመጣ።

ጡቡን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ እንግዶቹን ዞራ መጣችና የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። ተነሳሁ። ገብቼ ሕፃኑን አቅፌው ተመለስኩ፤ ገና ዓይኑን እያሸ ነው። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አይቶ ጻፈ። «ግሩም ነው፤ ወዲያው ነው የደረሱለት» አለ። አሠልጣኟ ፊቷ በደስታ በራ። እንግዲህ አልፌያለሁ ማለት ነው።

ሙጫ ወደ ጡቦቿ ተመለሰች። ከመንትዮቹ አንዱ አፍርሶባታል። ቁጭ ብላ ከአንድ ጀመረች።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ።

ተቆጣጣሪው ቀና አለ።

«ሕፃኑን የሰማችው እሷ ናት። እኔ አልሰማም። ያኛው አሻንጉሊትም ባትሪው አልደከመም። ባለፈው ሳምንት ይሄ ልጅ እግሩ ተጣብቆ ግማሽ ሰዓት ሲያለቅስ እኔ ድስት አጥብ ነበር። ልጅን በልጅ የማስጠብቀው እኔ ነኝ።» ድምፄ ምን ያህል እንደነበር አላውቅም። መንትዮቹ ጨዋታቸውን አቁመው ነበር።

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አጋደመ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ አድርጎ፣ «ብቻዎን መጠበቅ አይችሉም። አሁን ልፈቅድልዎ አልችልም» አለኝ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አሠልጣኟ በሩ ላይ ቆመች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ታዲያ እኔ ለሁሉም ያሳየሁት…» አለች። ቸግሮኝ የለመድኩት ነው አልኳት።  «ቢሆንም ደግ ልማድ ነው» አለችና እንደ እናቷ አቅፋ ሳመችኝ።

ለሁሉም ወላጆች ዛሬውኑ ነገርኳቸው። እስከ ሰኞ ሌላ ሰው ካላገኘሁ ልጆቹ አይመጡም። ነርሷ «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች። ቤቱ ባዶ ነው። የእንጨቱ ፈረስ መሃል ወለል ላይ ወድቋል፣ አላነሳሁትም።

ዓርብ

ልጄ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። የግራው ጆሮዬ ከሞላ ጎደል ሄዷል፣ የቀኙ ግማሽ አለው። ማዳመጫ ይሠራልኛል፤ ወረፋው ወራት ይወስዳል።

ስንመለስ ያን ቀን በር ላይ ሙጫን ምን እንደጠየቀቻት ጠየቅኳት። «ስትጠሪያት ትሰማሻለች ወይ ነው ያልኳት።» ምን አለችሽ? ልጄ መንገዱን እያየች መለሰች፣ እንዳልሰማሁ ገብቷት ዞራ ደገመችልኝ። «‹ግድ የለም፣ እኔ እነግራታለሁ› ነው ያለችኝ።»

መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ አለፈ።

ቅዳሜ፣ ሰባተኛው

አሠልጣኟን አስፈቅጄ ፊት ቆምኩ። ወሬውማ ከእኔ ቀድሞ አዳራሽ ገብቶ ነበር። ብዙ አላወራሁም። ልብስ አጣቢዋን እያየሁ «ባለፈው በሰው ፊት ተናግሬሻለሁ፤ ይቅርታውንም በሰው ፊት ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አልኩ። «አንቺ እውነቱን ተናገርሽ። እኔ የባሰውን እያደረግኩ ተቆጣሁሽ።»

ማንም አላጨበጨበም። ወደ ወንበሬ ስመለስ ሹፌሩ ወንበሬን ወደ ራሱ ሳበና አዞረው፣ አፉ እንዲታየኝ። የዕለቱ ሥልጠና እስኪያልቅ እንደዚያው ተቀመጥን።

ስንወጣ ልብስ አጣቢዋ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ፊት ለፊቴ ቆመች። «በጣም ነበር የተቀየምኩዎት፣ እትዬ» አለች። ይገባሻል አልኳት።  ከዚያ «እኔ ጆሮ አለኝ፣ ቤት የለኝም» አለች። «እርስዎ ቤት አለዎት። ልጆቼን ይዤ ብመጣስ? ልብሱን ጓሮ አጥባለሁ፣ ደግሞ እሰማለሁ። ልጄም ትገላገል።»

እጇን ያዝኩ። ሻካራ ነው፣ በሳሙና የተበላ። ተመልሰን ለአሠልጣኟ ነገርናት፤ እሷም እዚያው ቆማ ለተቆጣጣሪው ደወለች። ሁለት ሆነን ከጠበቅን ለሦስት ወር በሙከራ ይፈቀዳል፣ ከዚያ መጥቶ ያያል።

ሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ሁሉም መጡ። ነርሷም አመጣችው፤ ልብስ አጣቢዋን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ስሟን ጠይቃ፣ ሄደች።

እስከ ምሳ ድረስ ሙጫ አላመነችም። ከረፋዱ ሕፃኑ ሲያለቅስ እንደለመደችው ሮጣ መጣች። ቀሚሴን ልትይዝ ስትል ልብስ አጣቢዋ እጇን በልብሷ እያደረቀች አልፋት ገባች። ሙጫ ወለሉ መሃል ቆማ ቀረች። እሷን አየች፣ እኔን አየች። እጇ ምን እንደሚይዝ አላወቀም።

«ሰምታዋለች፣ የኔ እናት» አልኳት ቁጭ ብዬ። «ከእንግዲህ እሷ ትሰማለች። አንቺ ሂጂ ተጫወቺ።»

ሁለተኛም መጣች፣ ሦስተኛም። በአራተኛው ግማሽ መንገድ ደርሳ ተመለሰች። በአምስተኛው ቀና ብላ አየች፣ ግን አልተነሳችም። የልብስ አጣቢዋ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ፣ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ ጡቡን አብረው ከወገባቸው በላይ ደረደሩትና ራሳቸው ናዱት። ሲስቁ አየኋቸው። ትንሽ ትንሽ ሰማኋቸውም።

ከምሳ በኋላ ፍራሹን ዘረጋሁ። ሙጫ እንደ ወትሮዋ ጫፉ ላይ ተቀምጣ በሩን ማየት ጀመረች። መንትዮቹን ላለብስ ዞርኩ። ስመለስ ተኝታለች። እንደተቀመጠች ነው ወደ ጎን የወደቀችው፣ ጫማዋ እንኳ አልወለቀም። ጫማዋን አውልቄ፣ አልብሼያት፣ እጄን ደረቷ ላይ አደረግኩ።

መንትዮቹ ነቁ፤ እሷ ተኝታለች። ፈረሱ ተጎተተ፣ ሕፃኑ አለቀሰ፣ ተነስቶ ጡጦውን ጠጣ፤ እሷ ተኝታለች። ዝናቡ መጥቶ አባራ። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣም አልነቃችም። ፀጉር ሠሪዋ ደንግጣ ተንበርክካ ግንባሯን ዳሰሰች።

«አሟታል እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ።

«አይ፣ ደክሟት ነው» አልኳት።